አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፦ "የጠፉት" ፓርቲሽኖች ጉዳይ



ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሳሁት ሊኑክስ አውቃለሁ ለማለት አይደለም። እንዲያውም አለማወቄ በአንድ ሰው ላይ ሊያመጣ የነበረውን ጣጣ ለመናገር ነው። በተለይ ከእኔ በኋላ ላብ ውስጥ ለምትሠሩ ተማሪዎች ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። ጉዳዩ ለአፍታ ጠፍተው ስለሚመለሱ የዲስክ ፓርቲሽኖች ነው፤ ነገር ግን ስለ አንድ ደብዳቤም ጭምር ነው።

ባለፈው ክረምት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት ላቡ ውስጥ ያሉትን 20 ኮምፒዩተሮች ለኦፐሬቲንግ ሲስተም ትምህርት ዝግጁ እንድናደርግ እኔና አንድ የክፍል ጓደኛዬ ኃላፊነት ወሰድን። የድሮዎቹ ዲስኮች በእርጅና አልቆላቸው ስለነበር የላቡ ቴክኒሻን ከስቶር 20 ያገለገሉ፣ ግን የሚሠሩ፣ ባለ 250 ጊጋባይት ሃርድ ዲስኮች አወጡልን። ያወጡት በራሳቸው ስም፣ ሞዴል 22 ላይ ፈርመው ነው። እኛ አገር መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። የተፈረመበት ንብረት ጎደለ ወይም ተበላሸ ከተባለ መጀመሪያ የሚጠየቀው ፈራሚው ነው።

20 ዲስክ አንድ በአንድ በእጅ መጫን አሰልቺ ስለሆነ ስክሪፕት ጻፍኩ። ዲስኩን ከኔ ኮምፒዩተር ጋር እናያይዘዋለን፤ ኤስዲቢ በሚል ስም ይመጣል። ከዚያ ስክሪፕቱ አምስት ነገር ይሠራል። መጀመሪያ አዲስ የፓርቲሽን ሠንጠረዥ ይጽፋል፤ ኤስዲቢ1 ለሲስተሙ፣ ኤስዲቢ2 ለተማሪዎች ፋይል። ሁለተኛ ሁለቱን ፎርማት ያደርጋል። ሦስተኛ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ የሚያስፈልገውን ቡት ኮድ የዲስኩ መጀመሪያ ላይ ይጽፋል። አራተኛ ፓርቲሽኖቹን ማውንት ያደርጋል። በመጨረሻ ፋይሎቹን ይገለብጣል። ቀላል ነው አይደል?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዲስኮች ያለ ምንም ችግር አለፉ። እስቲ ሻይ እንጠጣ ብለን ልንነሳ ስንል ሦስተኛው ላይ ስክሪፕቱ ቆመ። ፎርማት የሚያደርገው ኮማንድ "ኤስዲቢ1 የሚባል ፋይል የለም" አለ። አሁን የፈጠርኩት ፓርቲሽን እንዴት የለም ይባላል? ወዲያው ዝርዝሩን ሳይ ኤስዲቢ1 ቁጭ ብሏል፤ ኤስዲቢ2ም አጠገቡ አለ። ስክሪፕቱን ደግሜ ሳስኬደው ምንም ሳይል ጨረሰ። እኔ "ዓይኔ ነው እንዴ?" ስል ጓደኛዬ "ይሄ ነገርስ ሰይጣን አለበት" ብሎ ሳቀ።

አንዴ የሚሠራ፣ አንዴ የማይሠራ ነገር ሲገጥመን ሁላችንም የምንወስዳት መድኃኒት አለች፤ "ትንሽ ይጠብቅ" የምትባል። ፓርቲሽን ከሚፈጥረው መስመር በታች "ስሊፕ 2" ብዬ ጨመርኩ። ሁለት ሰከንድ ቆይ ማለት ነው። አራተኛው አለፈ፣ አምስተኛውም አለፈ። በቃ ተፈታ አልኩ። ለምን እንደተፈታ ግን ራሴን አልጠየቅኩም። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይህ ነው።

ስድስተኛው ላይ እንደገና ቆመ። አሁን ግን ቦታው ሌላ ነው። ፎርማቱ አልቋል፣ ቡት ኮዱም ተጽፏል፤ ማውንት ሊያደርግ ሲል "ኤስዲቢ1 የለም" አለ። ሳየው ደግሞ አለ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዲስክ ሲያልፍ አንዱ እየወደቀ ቀጠለ። እኔም እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ስክሪፕቱን አስተካክያለሁ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የስክሪፕቱ አይደለም። ኬብሉን ቀየርኩ፣ ሌላ ቦታ ላይ ሰካሁ፤ አልተለወጠም፤ ስለዚህ የኬብሉም አይደለም። ከሁሉም በላይ የራሴ ኮምፒዩተር ዲስክ፣ ኤስዲኤ፣ አንድም ቀን ፓርቲሽን ጠፍቶበት አያውቅም። የሚጠፋው ከስቶር በመጡት ላይ ብቻ ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? የተበላሹት ዲስኮቹ ናቸው!

እስከ ማታ አምስት ዲስኮች ለየሁና ነጭ ፕላስተር ለጥፌ "ብልሽት ያለበት" ብዬ ጻፍኩባቸው። ጓደኛዬ "ነገ ደግመን እንያቸው እንጂ" ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ለሰኞ መድረስ አለበት። ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ ግማሽ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ። ከስቶር ከወጡት 20 ዲስኮች 5ቱ ብልሽት ያለባቸው ሆነው ስለተገኙ ሥራውን በተባለው ቀን ለመጨረስ እንቸገራለን የሚል ነው። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ዲስኮቹን ማን እንደፈረመባቸው ትዝም አላለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቴክኒሻኑ የደብዳቤዬን ኮፒ ይዘው ላብ ገቡ። ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። ኃላፊው ጠርተው "ሲያወጧቸው ፈትሸው ነበር ወይ?" ብለው እንደጠየቋቸው፣ ንብረት ክፍልም በጽሑፍ ማብራሪያ እንደሚፈልግ ነገሩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ልጄ፣" አሉኝ ወንበር ስበው እየተቀመጡ፣ "የታመመ ዲስክ ዝም አይልም፤ ይጮኻል። ጩኸቱን ሰማሽ?"

"ድምፁስ ደህና ነው ጋሼ" አልኳቸው፣ የገባኝ መስሎኝ።

"በጆሮ የሚሰማውን አይደለም። ከርነሉ ምን ጻፈ ነው የምልሽ።"

እውነቱን ለመናገር አላየሁም ነበር። ያየሁት የስክሪፕቱን የመጨረሻ መስመር ብቻ ነው።

ከርነሉ የጻፈውን መዝገብ ከፍተን አብረን ከላይ እስከ ታች አነበብን። ዲስክ ማንበብ ወይም መጻፍ ሲያቅተው የሚመዘገበው "አይኦ ኢረር" የሚለው መልእክት አንድም ቦታ የለም። ኬብል ሲላላ የሚታየው የግንኙነት መቋረጥ መልእክትም የለም። ቀጥለን ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘውን፣ ስማርት የሚባለውን መረጃ አወጣን። በአምስቱም ላይ ቁጥር 5፣ ማለትም ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ሴክተሮች፣ ዜሮ ነው። ቁጥር 197፣ ማለትም ለማንበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች፣ ዜሮ ነው። በኬብል ችግር የሚጨምረው ቁጥር 199ም ዜሮ ነው። ዲስኮቹ ያገለገሉ ናቸው፤ ግን ጤነኞች ናቸው። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል።

ጋሼ ግን ጣታቸውን ሌላ መስመር ላይ አሳረፉ። "ኤስዲቢ፦ ኤስዲቢ1 ኤስዲቢ2" የምትል አጭር መስመር ናት። ከርነሉ የፓርቲሽን ሠንጠረዡን ባነበበ ቁጥር የሚጽፋት ናት። ስህተት ስላልሆነች እኔ ስንቴ አይቼ አልፌያታለሁ።

"ስክሪፕትሽ ሠንጠረዡን ስንት ጊዜ ነው የሚጽፈው?"

"አንዴ።"

"እዚህ ግን ለአንድ ዲስክ ሦስት ጊዜ ተነቧል። ማነው ደጋግሞ የሚያነበው?"

ይህን ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ። መልሱን እሳቸውም አያውቁትም ነበር። እኔ ግን መጀመሪያውኑ መጠየቅ የነበረብኝ ጥያቄ ይኸው ነበር።

የደረስኩበትን ላስረዳችሁ። ፓርቲሽን ዲስኩ ላይ የተሠራ ግድግዳ አይደለም፤ ጽሑፍ ነው። እኛ በተጠቀምንበት ኤምቢአር በሚባለው አሠራር የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር 512 ባይት ነው። የመጀመሪያዎቹ 440 ባይቶች ለቡት ኮድ ናቸው። 446 ባይት ካለፈ በኋላ ያሉት 64 ባይቶች ደግሞ የአራት ፓርቲሽኖች መነሻና ርዝመት የሚጻፍባቸው ናቸው። ከርነሉ ያንን ያነብና ኤስዲቢ1፣ ኤስዲቢ2 የሚሉትን ስሞች ይፈጥራል። ጽሑፉ ያለው ዲስኩ ላይ ነው፤ ስሞቹ ያሉት ግን ከርነሉ ዘንድ ነው።

ታዲያ "ሠንጠረዡን እንደገና አንብብ" ሲባል ከርነሉ የተለወጠውን ብቻ መርጦ አያርምም። የነበሩትን የዚያን ዲስክ ስሞች በሙሉ ያነሳል፤ ከዚያ አንብቦ እንደ አዲስ ይፈጥራቸዋል። በመነሳቱና በመፈጠሩ መካከል ትንሽ ክፍተት አለች። በዚያች ክፍተት መጥቶ የጠየቀ ፕሮግራም "የለም" ይባላል።

ይህን ሳነብ የአንደኛ ዓመት ውጤት የተለጠፈበት ቀን ትዝ አለኝ። ሮጬ ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ስደርስ የእኛ ክፍል ወረቀት የለም። ተባረርኩ ብዬ ጉልበቴ ራደ። ለካ ጸሐፊዋ አንድ የተሳሳተ ቁጥር ስለነበር ወረቀቱን አንስታ በአዲስ ልትቀይረው ሄዳ ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተመልሳ ለጠፈችው፤ ቁጥሬም በቦታው ነበር። ውጤቴ ሬጅስትራር መዝገብ ላይ ለአንዲት ሴኮንድም አልጠፋም። የጠፋው ወረቀቱ ነው፤ እኔም በማይሆን ሰዓት ነው የደረስኩት። የኤስዲቢ1 ነገርም ይኸው ነው።

አንብብ ባዩ ማነው? ዩዴቭ የሚባል ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ዩዴቭ አልነበረም። በ2003 እ.ኤ.አ. መጣ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሲስተምዲ ጋር ተዋሐደ። አዲስ ዕቃ ሲሰካ ተጨማሪ ስምና ፈቃድ የሚሰጠው እሱ ነው። ከዚህ ሌላ ዲስኮችን ይከታተላል። አንድ ፕሮግራም ሙሉውን ዲስክ ለመጻፍ ከፍቶ ሲዘጋ "ሠንጠረዡ ተለውጦ ይሆናል" ይልና ከርነሉን እንደገና አንብብ ይለዋል። ምን እንደተጻፈ አያጣራም፤ ለመጻፍ ተከፍቶ መዘጋቱ ይበቃዋል።

እንግዲህ ሦስቱ ንባቦች ተገኙ። አንደኛው ሠንጠረዡን የጻፈው ፕሮግራም ራሱ ያዘዘው ነው። ሁለተኛው ያ ፕሮግራም ሲዘጋ ዩዴቭ ያዘዘው ነው። ሦስተኛው ቡት ኮዱ ተጽፎ ዲስኩ ሲዘጋ እንደገና ዩዴቭ ያዘዘው ነው። ቡት ኮዱ ሠንጠረዡን ጭራሽ አልነካውም፤ ዩዴቭ ግን ይህን አያውቅም። የኔ "ስሊፕ 2" የሸፈነችው ሁለተኛውን ብቻ ነበር። ችግሩን አልፈታሁትም፤ ወደ ቡት ኮዱ በታች ገፋሁት እንጂ።

ለማረጋገጥ በአንድ ተርሚናል "ዩዴቭአድም ሞኒተር" የሚለውን ኮማንድ አስነሳሁ። በሌላው ደግሞ አንዲት ባይት እንኳ ሳልጽፍ ኤስዲቢን ለመጻፍ ከፍቼ ዘጋሁት። ወዲያው ኤስዲቢ1 ተነሳ፣ ኤስዲቢ2 ተነሳ፣ ኤስዲቢ1 ተጨመረ፣ ኤስዲቢ2 ተጨመረ የሚሉ መስመሮች ወረዱ። ፕላስተር ካልለጠፍኩባቸው ዲስኮች አንዱን ሰክቼ ስሞክርም ያው ነው። አንዱ ወድቆ ሌላው ያለፈው በጤንነት ሳይሆን በአጋጣሚ ነው፤ ስክሪፕቱና ዩዴቭ ይሽቀዳደማሉ፣ የቀደመው ይወስዳል።

ኤስዲኤስ ለምን አልጠፋም? ይሄ ነው በጣም ያሳፈረኝ። ኤስዲኤ ላይ የምሠራበት ሲስተም ማውንት ተደርጎ ሥራ ላይ ነው። ከፓርቲሽኖቹ አንዱ እንኳ ሥራ ላይ ከሆነ ከርነሉ "ዲስኩ ሥራ ላይ ነው" ብሎ ስሞቹን ለማንሳት እምቢ ይላል። ስለዚህ የኔ ዲስክ ስለተሻለ አይደለም ያልጠፋው፤ ስለተያዘ ነው። ዋነኛ ማስረጃዬ ብዬ የያዝኩት ነገር ስለ ዲስኮቹ ጤንነት ምንም አይናገርም ነበር።

መፍትሔው ሁለት መስመር ሆኖ ተገኘ። ዩዴቭ አንድን ዲስክ ከመንካቱ በፊት ሌላ ፕሮግራም ቆልፎ ይዞት እንደሆነ ያያል፤ ከተያዘ አይነካውም። ስለዚህ "ኤፍሎክ" በሚባለው ኮማንድ ኤስዲቢን፣ ማለትም ፓርቲሽኑን ሳይሆን ሙሉውን ዲስክ፣ ከፓርቲሽን መፍጠር እስከ ማውንት ድረስ ቆልፌ ያዝኩት። ሥራው ካለቀና ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ "ዩዴቭአድም ሴትል" የሚለውን ጨመርኩ። ይህ ኮማንድ በደፈናው ሁለት ሰከንድ አይጠብቅም፤ ዩዴቭ የተሰለፈለትን ሥራ እስኪጨርስ ድረስ ነው የሚጠብቀው። ስሊፕን ሰረዝኩት።

ከዚያ ፕላስተር የለጠፍኩባቸውን አምስቱን ዲስኮች እያንዳንዳቸውን አሥር አሥር ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስኬድኳቸው። ሃምሳ ጊዜ ማለት ነው። አንድም ጊዜ አልቆመም። ጓደኛዬ ቆጣሪ ሆኖ ወረቀት ላይ ጭረት ይጭር ነበር። እሑድ ማታ 20ውም ኮምፒዩተሮች ተነሱ።

የቀረው ደብዳቤው ነው። ጋሼ ጋ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸውና "ያንን ደብዳቤ ኃላፊው ጋ ሄጄ ላስቀድደው" አልኳቸው። እሳቸው ግን "አይሆንም" አሉኝ። "በደብዳቤ የተጻፈ በደብዳቤ ነው የሚሻረው። ቃል ያልፋል፤ ፋይል ይቀመጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ ኦዲተር ሲመጣ የሚያነበው ፋይሉን ነው።" ልክ ናቸው። ደብዳቤው ቢቀደድም ንብረት ክፍል የደረሰው ጥያቄ በስማቸው እንደተከፈተ ይቀር ነበር።

ሁለተኛውን ደብዳቤ ስጽፍ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። "ብልሽት ተገኝቷል" ብዬ በአንድ መስመር የጻፍኩትን ለማንሳት የስማርቱን ቁጥሮች፣ የከርነሉን መዝገብና የሃምሳውን ሙከራ ውጤት አያይዤ "ስህተቱ የእኔ ስክሪፕት ነበር" የሚለውን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነበረብኝ። ይቺን ዓረፍተ ነገር ስንቴ እንደሰረዝኳት እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ "ስህተት ተፈጥሮ ነበር" የሚለውን ትቼ "የእኔ" የሚለውን አስገባሁ። አንዱ ኮፒ ለንብረት ክፍል ሄደ። ጋሼ አንብበው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና "በይ ፕላስተሩን ላጪው፤ ሙጫው ዲስኩ ላይ እንዳይቀር በአልኮል ጥረጊው" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

እንግዲህ እናንተም ፓርቲሽን ሲጠፋባችሁ ከኔ ጥፋት ተማሩ። በመጀመሪያ ምን እንደጠፋ ለዩ። ኤስዲቢ ራሱ ከነፓርቲሽኖቹ ጠፍቶ ኤስዲሲ ሆኖ ከተመለሰ ያ ሌላ በሽታ ነው፤ ኬብልን፣ ፓወርን ወይም ዩኤስቢን ተጠራጠሩ። ዲስኩ እያለ ፓርቲሽኖቹ ብቻ ለአፍታ ከጠፉ ሠንጠረዡን ማን እንደገና እንዳስነበበ ጠይቁ። ሁለተኛ የከርነሉን መዝገብና ስማርትን ሳታዩ ዲስክ ተበላሽቷል አትበሉ። ሦስተኛ ጠፋ ብላችሁ ደንግጣችሁ አዲስ ሠንጠረዥ አትጻፉ፤ ያለውን ነገር በእውነት የምታጠፉት ያኔ ነው። ፋይል ያለበት ዲስክ ከሆነ ቀድሞውኑ "ኤስኤፍዲስክ" በሚባለው ኮማንድ የሠንጠረዡን ግልባጭ አውጥታችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። አራተኛ ስሊፕ ጽፋችሁ ችግሩ ከጠፋ ደስ አይበላችሁ፤ ምን እየጠበቃችሁ እንደሆነ ካላወቃችሁ ችግሩ ያለው እዚያው ነው።

አምስተኛው የኮምፒዩተር ጉዳይ አይደለም። "ተበላሽቷል" ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ያ ዕቃ በማን ስም እንደተፈረመ ጠይቁ።

ላቡን ሰኞ ጠዋት የከፈቱት ጋሼ ናቸው። ይህን ጽሑፍም ከመታተሙ በፊት ያነበቡት እሳቸው ናቸው፤ ስማቸው እንዳይጻፍ ብቻ ነው የጠየቁኝ።